ለሕሙማን መርጃ በዕጣ የሚወጣ ቤት፤ አሠራሩና ሒሳቡ

ቤት ሠሪዎችና የሕንፃ ዕቃ ነጋዴዎች ለሆስፒታሎችና ለሕሙማን መርጃ ድርጅቶች ርዳታ ከሚያደርጉባቸው መንገዶች ውስጥ፣ በውጭ አገር ብዙ ገንዘብ ያስገኘው አንዱ በዕጣ የሚወጣ ቤት ነው። አሠራሩ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ሠሪው ቤቱን ሠርቶ ለበጎ አድራጎት ድርጅቱ በስጦታ ያስረክባል፤ ድርጅቱ ቲኬት አሳትሞ ለሕዝብ ይሸጣል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ይወስዳል፤ ከቲኬቱ ሽያጭ የተገኘው ገንዘብ ደግሞ ለሕሙማን መታከሚያ ይውላል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው፤ ሒሳቡ ግን ቀላል አይደለም። ይልቁንም እንደ ብልባላና እንደ ላሊበላ ባሉ፣ ገዢው ጥቂት በሆነባቸው የደጋ ከተሞች ይህን ዘዴ ለመሞከር የሚያስብ ነጋዴ ገንዘቡ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ብልባላ ከላሊበላ በስተሰሜን፣ ወደ ሰቆጣ በሚያወጣው መንገድ የምትገኝ የላስታ ከተማ ናት። ለእንግዳው ስሟን የሚያስተዋውቁት የብልባላ ጊዮርጊስና የብልባላ ቂርቆስ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ ለባለሱቁ ግን የእህልና የማር፣ የቆርቆሮና የሚስማር መገበያያ ናት። በዚህ አገር ሰው በጠና ሲታመም ቅሬው ተጠራርቶ፣ በሽተኛውን በቃሬዛ አድርጎ፣ ገደሉን ወጥቶ ወርዶ እስከ መኪና መንገድ ማድረስ የቆየ ልማድ ነው። ሕመሙ ከጤና ጣቢያ ዐቅም በላይ ሲሆን ወደ ላሊበላ ሆስፒታል፣ ከዚያም በላይ ሲሆን ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ይላካል። ያን ጊዜ የመኪናው ኪራይ፣ የአስታማሚው ቀለብና ማደሪያ ተደማምሮ ከመድኃኒቱ ዋጋ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ላስታ በዘለቀ ጊዜ ደግሞ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተሰባብረዋልም። ቅሬው ቃሬዛውን ይሸከማል እንጂ የራጅ መሣሪያ ሊገዛ ዐቅም የለውም። ስለዚህ ከመዋጮ የሰፋ የገንዘብ ምንጭ መፈለግ ተገቢ ይሆናል።

ዕጣ ማውጣት ለላስታ ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቁብ የሚጥል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ዕቁብና ሎተሪ በአንድ ትልቅ ነገር ይለያያሉ። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰውም ቢሆን የጣለውን ያህል ይወስዳል። በሎተሪ ግን ከአንዱ በቀር የከፈለው ሁሉ ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ለበጎ አድራጎት የሚሸጥ ቲኬት ነውር የማይሆነው ገዢው ገንዘቡን ሲያወጣ እንደ ስጦታ ቆጥሮ ሲያወጣ ነው፤ ቤቱ ቢደርሰው ደስ ይለዋል፣ ባይደርሰው አይጸጸትም። በሃይማኖቱ ጥብቅ በሆነ አገር ብዙ አባቶችና ሽማግሌዎች ዕጣን ከቁማር ለይተው የሚያዩት በዚህ መጠን ብቻ መሆኑን አዘጋጆቹ ሊዘነጉት አይገባም። ቲኬቱ «ሀብታም ሁኑ» በሚል ማስታወቂያ የሚሸጥ ከሆነ የሚገዛው ስጦታ ለመስጠት ትርፍ ያለው ሰው አይሆንም፤ ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ ዕድሉን የሚሞክር የቀን ሠራተኛ ይሆናል።

ይህ ዘዴ በሰፊው ከተሠራባቸው ቦታዎች አንዱ የአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ነው። በቴነሲ ግዛት በሜምፊስ ከተማ የሚገኘው የሴንት ጁድ የሕፃናት ሆስፒታል ከሊባኖስ ስደተኞች በተወለደው ተዋናይ በዳኒ ቶማስ ጥረት የተመሠረተ ሲሆን፣ በሩን የከፈተው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ካንሰርና ሌላም ከባድ ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት ይቀበላል፤ ከወላጆቻቸውም የሕክምና ሒሳብ አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ከበሽተኛው የማይቀበለውን ገንዘብ ከሌላ ቦታ ማግኘት ግዴታው ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በሉዊዚያና ግዛት በሽሪቭፖርት ከተማ ዶክተር ዶናልድ ማክ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም የመጀመሪያውን በዕጣ የሚወጣ ቤት አስጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ዘዴው ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፍቶ ለሆስፒታሉ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል።

ነጋዴው በዚህ ታሪክ ውስጥ ሊያስተውለው የሚገባው የገንዘቡን ብዛት አይደለም፤ ቤቱ እንዴት እንደሚሠራ ነው። በአንድ ከተማ አንድ ቤት ሠሪ ኀላፊነቱን ይወስዳል። እርሱ ግን ብቻውን አይሠራም። የወለል ንጣፍ አምራቹ ንጣፉን፣ የቧንቧ ዕቃ አምራቹ ቧንቧውን፣ መብራት የሚዘረጋው ጉልበቱን፣ ቀለም የሚቀባው ቀለሙን ይሰጣል። በከተማው ያለው ቴሌቪዥንና ራዲዮ ማስታወቂያውን ይናገራል። የቲኬቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ 100 ዶላር ሲሆን ቁጥሩም የተወሰነ ነው፤ ታትሞ የተዘጋጀው ካለቀ አይጨመርም። ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ቤቱ ለሕዝብ ክፍት ይሆንና ሰው ሁሉ ገብቶ ያየዋል። ሠሪው ትርፉን የሚያገኘው በዚህ ነው፤ ዐሥር ጊዜ በጋዜጣ ከሚያስነግረው ማስታወቂያ ይልቅ ሺሕ ሰው በእግሩ ረግጦ ያየው ቤት ይበልጥበታል። ስጦታ ነው ተብሎ የንግድ ጥቅም የለበትም ማለት አይደለም፤ ይህንም መደበቅ አያስፈልግም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ታሪክ በአየርላንድ ይገኛል። በ1930 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ለሆስፒታሎች ገንዘብ ለማግኘት በፈረስ ውድድር ላይ የተመሠረተ ትልቅ ሎተሪ እንዲካሄድ ፈቀደ። ቲኬቱ በየአገሩ፣ ሎተሪ በተከለከለባቸው በእንግሊዝና በአሜሪካ ሳይቀር፣ በድብቅ ይሸጥ ነበር። አስታማሚዎች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው የዕጣውን ቁራጭ ወረቀት ሲያወጡ በፎቶግራፍ ይታዩ ነበር። አየርላንድ በዚህ ገንዘብ ሆስፒታሎች መሥራቷ እውነት ነው። ነገር ግን በ1973 እ.ኤ.አ. ጆ ማክአንቶኒ የተባለ ጋዜጠኛ ሒሳቡን መርምሮ ሲጽፍ፣ ሆስፒታሎቹ የሚደርሳቸው ከተሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ እጅግ አነስተኛ መሆኑ ተገለጠ። ዛሬ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች ድርሻው ከ100 እጅ 10 እንኳ እንዳልሞላ ይናገራሉ። የቀረው ለሽልማት፣ ለወኪሎች፣ ለማስታወቂያና ለባለድርጅቶቹ ሄዷል። ሎተሪው በ1987 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ መስራቾቹ ባለጸጎች ሆነው ነበር።

በሽሪቭፖርትና በዳብሊን መካከል ያለው ልዩነት ከሰዎቹ ጠባይ ብቻ የመጣ አይደለም። አንደኛው ሽልማቱን በስጦታ አግኝቷል፤ ሁለተኛው ከቲኬቱ ገንዘብ ከፍሎታል። ይህን በቁጥር ማየት ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ምሳሌ የየትኛውንም ከተማ ዋጋ የሚያመለክት ሳይሆን ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተቀመጠ ነው።

አንድ ቤት 4,000,000 ብር ያወጣል ተብሎ ቢገመት፣ 20,000 ቲኬትም እያንዳንዱ በ300 ብር ቢሸጥ፣ ጠቅላላው ገቢ 6,000,000 ብር ይሆናል። ለማሳተሚያ፣ ለሻጮች ኮሚሽንና ለማስታወቂያ 900,000 ብር ቢወጣ፣ ቤቱ በስጦታ የተገኘ እንደሆነ ለሆስፒታሉ 5,100,000 ብር ይተርፋል። ቤቱ በግዢ የተገኘ እንደሆነ ግን የሚተርፈው 1,100,000 ብር ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ቲኬቱ ግማሹ ብቻ ቢሸጥ ገቢው 3,000,000 ብር፣ ኮሚሽኑ በመቀነሱ ወጪው 600,000 ብር ቢሆን፣ በስጦታ የተገኘው ቤት አሁንም 2,400,000 ብር ያስገኛል። በግዢ የተገኘው ቤት ግን ሆስፒታሉን 1,600,000 ብር ባለዕዳ ያደርገዋል። ለበሽተኞች መርጃ ተብሎ የተጀመረ ሥራ ከበሽተኞች መርጃ ገንዘብ ቀንሶ ይከፍላል ማለት ነው። ዕጣው ይወጣል ተብሎ በአደባባይ ከተነገረ በኋላ ቲኬቱ አልተሸጠምና ይቅር ማለት አይቻልምና፣ ቤቱ በስጦታ ካልተገኘ በቀር አንድ የሕሙማን መርጃ ድርጅት ወደዚህ ሥራ ባይገባ ይመረጣል። ግማሽ ስጦታም ቢሆን፣ ማለት ሠሪው በዋጋው ብቻ ያለ ትርፍ የሰጠው ቤት፣ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

በኢትዮጵያ ሎተሪ የመንግሥት ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 535 ሎተሪ የማካሄድንና ለሌሎችም ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ለብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ሰጥቶ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ እንደገና ተደራጅቶ የኢትዮጵያ ሎተሪ አገልግሎት ተብሏል። ማኅበራትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መኪናና ሌላም ዕቃ በዕጣ የሚያወጡበት ቶምቦላ ለሕዝቡ የታወቀ ነው፤ ይሁን እንጂ ያለ ፈቃድ አንዲትም ቲኬት ማሳተም አይገባም። ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት ሽልማቱ ምን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነና ዋጋው ስንት እንደሆነ በማስረጃ የተረጋገጠ መሆን አለበት።

የቤት ዕጣ በተለይ በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ትርጉም አለው። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለተመዝጋቢዎች የሚተላለፉት በዕጣ በመሆኑ፣ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት እየቆጠበ የዕጣ ቀን ጠብቋል። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,791 ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ፣ ዕጣው የወጣበት የኮምፒውተር መረጃ እንዲገባ ባልተፈቀደላቸው ሰዎች ስም የተበላሸ ሆኖ ስለተገኘ የከተማው አስተዳደር ዕጣውን ሰርዞታል፤ እንደገና የወጣውም በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ በላስታም ሆነ በሌላ ቦታ የቤት ዕጣ የሚያዘጋጅ ሰው የሚሸጠው ይህን ለሚያስታውስ ሕዝብ መሆኑን ይወቅ። ለትንሽ ከተማ ደግሞ ከኮምፒውተር ይልቅ የቲኬቱ ጉርድ በሕዝብ ፊት በአንድ ዕቃ ውስጥ ተጨምሮ፣ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ወኪል፣ የቅሬ ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች እያዩ ቢወጣ ሕዝቡ የበለጠ ያምነዋል። ያልተሸጡት ቲኬቶች ከዕጣው በፊት በዚያው ሕዝብ ፊት ተቆጥረው መቀደድ አለባቸው። ያለበለዚያ ቤቱ ላልተሸጠ ቲኬት ሊወጣና ወደ አዘጋጆቹ ሊመለስ ይችላል፤ ይህ የተደረገ እንደሆነ ማንም ቢምል የሚያምን አይገኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው የይዞታ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚተላለፈው በላዩ ላይ የተሠራው ቤትና የመጠቀም መብቱ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ያልተጀመረበትን ወይም በጅምር ያለውን ቦታ ለሌላ በሚያስተላልፍ ሰው ላይ ገደብ አድርጓል። ስለዚህ ለዕጣ የሚቀርበው ቤት ሥራው ያለቀ፣ በከተማ ክልል ውስጥ ያለና ካርታው በእጅ የሚገኝ ቢሆን ክርክር አይነሣበትም። በገጠር ቀበሌ በገበሬ ይዞታ ላይ የተሠራ ቤት ምንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይሆንም። በላሊበላም በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ባለው የቅርስ ክልል ውስጥ መሥራት የተከለከለ ወይም የተወሰነ ስለሆነ ቦታው ከዚያ ውጭ መመረጥ ይኖርበታል።

ግብሩን የሚረሳ አዘጋጅ ብዙ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ደንግጓል፤ አዘጋጁም ከዚያ ወዲህ የወጣውን ማሻሻያ ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይኖርበታል። በዚያ ምጣኔ ከላይ በተነገረው ምሳሌ የ4,000,000 ብር ቤት የደረሰው ሰው 600,000 ብር ሊጠየቅ ነው። ዕድለኛው የብልባላ አርሶ አደር ቢሆን ይህን ከየት ያመጣል? በአሜሪካ አገርም ብዙ ዕድለኞች ቤቱን ገብተው ሳይኖሩበት የሚሸጡት በዚሁ በግብሩ ምክንያት ነው። ስለዚህ ግብሩ ከቲኬቱ ገቢ እንዲከፈል አስቀድሞ በሒሳቡ ውስጥ ቢገባ፣ ከላይ የተነገረው የ5,100,000 ብር ትርፍ ወደ 4,500,000 ብር ዝቅ ይላል፤ ዕድለኛው ግን ቤቱን ያለ ዕዳ ይረከባል። ዕድለኛው በደሴ ወይም በአዲስ አበባ የሚኖር ሆኖ ላሊበላ ያለው ቤት የማይጠቅመው ቢሆንስ? ለዚህ አንድ ነጋዴ ወይም የሆቴል ባለቤት ቤቱን በተወሰነ ዋጋ ለመግዛት በጽሑፍ ቢስማማ የቲኬቱ ገበያ ከላስታ ውጭም ሊሰፋ ይችላል።

በስጦታ በኩል ለሚሰጠው ሰው ሕጉ ጥቂት ማበረታቻ አድርጓል። ይኸው አዋጅ ቁጥር 979 ለሚፈቀድላቸው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ ሳይበልጥ በወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ይህን ለመጠቀም ግን ሰጪው የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ መሆንና ከተቀባዩ ድርጅት ሕጋዊ ደረሰኝ መያዝ ያስፈልገዋል። ዕቃ የሰጠ ነጋዴ ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱና ዋጋው እንዲጻፍለት ይጠይቅ። መዝገብ የማይዘው ባለሱቅ ከዚህ ድንጋጌ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ የሚሰጠው ከኪሱ ነው።

በላስታ አንድ ሙሉ ቤት በስጦታ ሊሰጥ የሚችል ባለሀብት ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል። ነገር ግን ሽሪቭፖርትም የጀመረው በአንድ ባለጸጋ ሳይሆን በተከፋፈለ ስጦታ ነው፤ ለላስታ ደግሞ ደቦ የታወቀ ነው። የአገሩ ግንበኛ በድንጋይ ሥራ የቆየ ስም አለው። ክብ ሆነው ባለ ሁለት ደርብ የሚሠሩት የላስታ የድንጋይ ቤቶች ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር አብረው ይጠቀሳሉ። ድንጋይ ጠራቢውና ግንበኛው የተወሰኑ ቀናት ጉልበታቸውን፣ ባለመኪናው አሸዋና ጠጠር ማመላለሻውን፣ አናጺው የጣራውን ማገርና በሩን ቢሰጡ፣ በገንዘብ መገዛት ያለበት ሲሚንቶው፣ ፌሮው፣ ቆርቆሮው፣ የመብራት ሽቦውና የውኃ ቧንቧው ይሆናል። እነዚህ ዕቃዎች ወደ ደጋው የሚደርሱት በነጋዴ እጅ ነው፤ ዋጋቸውንም የሚያከብደው የመንገዱ ርዝመት ነው። ስለዚህ የወልድያ፣ የደሴና የአዲስ አበባ አስመጪዎች ዕቃውን በመጣበት ዋጋ ቢለቁና ባለሱቆቹ ደግሞ ትርፋቸውን ቢተዉ፣ ቤቱ ከዋጋው በብዙ አንሶ ያልቃል። የቀረውን ጥሬ ገንዘብ ቲኬቱ ሳይሸጥ በፊት በመዋጮ ማሟላት ይገባል እንጂ ከቲኬቱ ገንዘብ እከፍላለሁ ብሎ በዱቤ መውሰድ ወደ ዳብሊኑ ስሌት ይመልሳል።

የኢትዮጵያ ሕዝብ ለሕሙማን መስጠት እንደሚችል ያለ ዕጣም ታይቷል። አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዳው የመቄዶንያ ማዕከል በየካቲት 2017 ዓ.ም. ለጅምር ሕንፃው ማስጨረሻ በቀጥታ ሥርጭት ርዳታ ሲጠይቅ፣ በአገር ውስጥና በውጭ ካሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ መቶ ሚሊዮን ብር ተሰብስቧል። እንግዲህ ዕጣው ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ፣ በአገር የታወቀ ስም የሌለው የአንድ ወረዳ ሆስፒታል ያን ያህል ሕዝብ ሊጠራ አለመቻሉ ነው። ሲሚንቶና ጉልበት ያለው ግን ጥሬ ገንዘብ የሌለው ሰውም ስጦታውን ወደ ገንዘብ የሚለውጥበት መንገድ ያገኛል።

በውጭ አገር ላሉ የላስታ ተወላጆች ቲኬት መሸጥ ብዙ ሰው የሚያስበው ነገር ነው፤ ሆኖም ጥንቃቄ ይሻል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የሎተሪ ቲኬት በፖስታ መላክን ይከለክላል፤ ሌሎችም አገሮች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው ገንዘብ ለቤቱ ሥራ በሚሰጥ ቀጥተኛ ርዳታ መልክ ቢመጣ ይቀላል፤ ቲኬቱ በአገር ውስጥ ይሸጥ።

በአገር ውስጥ ደግሞ ላሊበላ ከሌሎች ትናንሽ ከተሞች የተለየ አንድ ዕድል አላት። ለገና በዓል ከየአውራጃው የሚመጣው ምእመን ብዛት በሌላ ጊዜ በዓመት ሙሉ የማይገኝ ገዢ ነው። ከዚያ ሕዝብ መካከል 300 ብር ለሆስፒታል የሚሰጥ ብዙ ሰው አለ፤ ከእርሱ የሚሸጠውም ቲኬት የላስታን ድኻ አይነካም። ይህ እንዲሆን ግን ቤቱ አልቆ ለበዓሉ እንግዳ መታየት፣ ካርታውና ፈቃዱም ከኅዳር በፊት በእጅ መግባት አለባቸው። ግንበኛው ድንጋዩን በበጋ ጠርቦ ግድግዳውን ካላቆመ፣ ቆርቆሮውም ቢዘገይ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልተመታ፣ ሥራው በክረምቱ ይቆማል፤ ቲኬቱም ለዚያ ዓመት ገና አይደርስም።